ረሳሁት ወይስ ልብ አላልኩትም? ስለ ትውስታና ትኩረት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥነ ልቦና ተምሬ ድሬዳዋ ውስጥ ተማሪ ማስጠናት ከጀመርኩ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። በነዚህ ዓመታት ከተማሪ፣ ከወላጅ፣ ከጎረቤትና ከባጃጅ ሾፌር የሰማኋቸው ጥያቄዎች ዙሪያ ጥምጥም ቢሄዱም መነሻቸው አንድ ነው፤ «ጭንቅላቴ አልይዝ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» መልሱን በየበረንዳው ከምደጋግም እዚህ አስፍሬዋለሁ። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አንቱታ አይሆንልኝም፤ ጠያቂውን ሁሉ «አንተ» እና «አንቺ» ስል ብታገኙኝ ንቀት አይደለም።

ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ በየቀኑ እረሳለሁ። አእምሮዬ እየደከመ ነው?

አይመስለኝም። ምናልባትም አልረሳኸውም። ሊረሳ የሚችለው መጀመሪያ የተያዘ ነገር ነው፤ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ስትጥል በስልክ እያወራህ ከነበረ ግን የተያዘ ነገር የለም። አማርኛችን ልዩነቱን አሳምሮ ያውቀዋል። «ረሳሁት» አንድ ነገር ነው፣ «ልብ አላልኩትም» ሌላ። «ቀልቤን ሰብስቤ» ስንልም ያው ልብን ማንሳታችን ነው፤ ቀልብ በዐረብኛ ልብ ማለት ነውና። ወደ እኔ ከሚመጣው «ረሳሁ» ውስጥ አብዛኛው ሲመረመር «ልብ አላልኩም» ሆኖ ይገኛል።

ካላመንከኝ ኪስህ ውስጥ ያለውን የመቶ ብር ኖት ሳታወጣ በፊቱና በጀርባው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ንገረኝ። ስንት ሺህ ጊዜ አይተኸዋል? እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ በተሠራ አንድ ጥናት ሰዎች የገዛ አገራቸውን የአንድ ሳንቲም ሥዕል ከተሳሳቱ ሥዕሎች መሃል እንዲለዩ ተጠይቀው ብዙዎቹ አልቻሉም። ማየት ብቻውን አያስይዝም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቁልፉን ስታስቀምጥ «ቁልፉን ፍሪጅ ላይ አስቀመጥኩ» ብለህ ድምፅህን አውጥተህ ተናገር። የኔ ቁልፍ ግን በር ሥር በተመታች ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ምስማሯ ካለች ማስታወስም አያስፈልገኝም።

ፊት ለፊት ያለ ነገር እንዴት ላይታየኝ ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን ሰብስበው አጭር ፊልም አሳዩ። በፊልሙ ላይ ነጭና ጥቁር የለበሱ ሁለት ቡድኖች ኳስ ይቀባበላሉ። ተመልካቾቹ ነጭ ለባሾቹ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ እንዲቆጥሩ ተነገራቸው። በመሃሉ የጎሬላ ልብስ የለበሰ ሰው ሰተት ብሎ ገብቶ፣ መሃል ላይ ቆሞ ደረቱን መትቶ ወጣ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ ጎሬላውን አላዩትም። ዓይናቸው አልታመመም፤ ቆጠራው ልባቸውን ይዞት ነበር።

ቀፊራ ገበያ ውስጥ ኪስ አውላቂ የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው። አንዱ ይገፋሃል፣ ወይም ሰዓት ይጠይቅሃል፤ ልብህ ወደ ትከሻህ ሲሄድ ሌላው ኪስህ ውስጥ ነው። የሌባው ሙያ እጁ ላይ ብቻ አይደለም፣ የሰው ትኩረት ጠባብ መሆኑን ማወቁ ላይ ነው።

ጆሮም እንደዚሁ ነው። ኮሊን ቼሪ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሰዎች በሁለቱ ጆሮዎቻቸው ሁለት የተለያየ ንግግር እያሰማ አንዱን ብቻ እንዲከተሉ አደረገ። ካልተከተሉት ንግግር ምንም ያህል አልቀራቸውም፤ ቋንቋው መሃል ላይ ቢቀየር እንኳ ልብ አላሉም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ግን ባልተከተሉት ጆሮ የገዛ ስማቸው ሲጠራ ከሦስቱ አንዱ ያህል ሰምተውታል። ሰርግ ቤት ጫጫታ ውስጥ፣ ከዳር ሆኖ ስምሽን ያነሳ ሰው ወሬ ቶሎ ጆሮሽ የሚገባው ለዚህ ነው።

እጄ መሪው ላይ ሆኖ በጆሮ ማዳመጫ ስልክ ባወራ ምን ችግር አለው?

ችግሩ እጅ ላይ ስላልሆነ አለው። ስልኩን በእጅ ይዞ ማውራትና እጅን ነጻ አድርጎ ማውራት በአሽከርካሪ ትኩረት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ተቀራራቢ መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል። አጠገብህ የተቀመጠ ተሳፋሪ መንገዱን ስለሚያይ መስቀለኛ ላይ ዝም ይልልሃል፤ ስልክ ውስጥ ያለው ሰው ግን ከፊትህ ፍየል መግባቷን አያውቅም። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እሠራለሁ የሚል ሰው በአብዛኛው ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው፤ እያንዳንዱ ዝላይ ደግሞ ጊዜ ይበላል።

ስልክ ቁጥር ሲነገረኝ እስክጽፈው ይጠፋኛል። የተለመደ ነው?

የተለመደ ነው። ጆርጅ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው በአንድ ጊዜ በልቡ የሚይዘው ሰባት ያህል ነገር እንደሆነ ጻፈ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ አራት ዝቅ አድርገውታል። ዋናው ቁም ነገር ግን «አንድ ነገር» የሚባለው ምን ያህል እንደሆነ የምትወስኚው አንቺ መሆንሽ ነው። ዜሮ፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ አምስት አራት ነገር ነው፤ «ዜሮ ዘጠኝ ዐሥራ አምስት» ግን ቁጥሩን ለለመደ የድሬ ሰው አንድ ነው። የቀሩትን ስድስት አኃዞች በጥንድ ብትይዣቸው ጠቅላላው አራት ይሆናል።

ምዕራፉን አምስት ጊዜ አንብቤ ፈተና ላይ ባዶ ሆንኩ። ምን ጎደለኝ?

ማውጣት ጎደለህ። አስገባህ፣ አስገባህ፣ ግን አንድም ቀን አላወጣህም።

ደጋግመህ ስታነብ ገጹን ትለምደዋለህ፤ መልመድህ ደግሞ ማወቅ ይመስልሃል። በየቀኑ የምታየው ግን ስሙን የማታውቀው የሰፈር ሰው አለ አይደል? አንተና ምዕራፉ እንደዚያ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ያወጡት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። አንደኛው ቡድን አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት ከጽሑፉ 40 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ እየዘጉ የጻፉት 61 በመቶውን አስታወሱ። ብሔራዊ ፈተና አምስት ደቂቃ ቆይቶ አይመጣም።

ይህን በምርምር ያገኙት መሰላቸው እንጂ ሐረር ውስጥ ቁርኣን የሚሐፍዝ ልጅ ያውቀዋል። ኡስታዙ ፊት ቀርቦ የያዘውን ያለ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ሲሰናከል ይታረማል፤ ነገ አዲሱን ከመጀመሩ በፊት የትናንቱን ሙራጃዓ፣ ማለትም ክለሳ፣ ያደርጋል። ዳዊት በቃሉ የሚይዝ የቤተ ክርስቲያን ተማሪም መምህሩ ፊት እንደዚሁ ነው። ዘመናዊ ትምህርት የተማርን ሰዎች ይህን «ሽምደዳ» እያልን ስናጣጥለው ኖረናል። ትርጉሙን ሳይረዱ መያዝን በተመለከተ ትችቱ ልክ ነው። ዘዴውን በተመለከተ ግን እኛ ነን የተሳሳትነው። ደብተር ታቅፎ እያሰመሩ ከማደር መሳሳትን ሳይፈሩ መወጣት ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየፈጠረ ራሱን ለብዙ ጊዜ ፈተነ። ከያዘው ከግማሽ በላይ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ ዝግ ይላል። ስለዚህ ዛሬ አራት ሰዓት ከማጥናት ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ፣ ከሳምንት በኋላ አንድ ሰዓት ማጥናት ይበልጣል። ድምሩ ያው አራት ሰዓት ነው። በመሃል ትንሽ መርሳትህ ጥሩ ነው፤ ለማስታወስ ስትታገል ነው የሚጠነክረው።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጨማደዳል። ማንበብ ይቀላል፤ ወረቀት ዘግቶ ባዶ ገጽ ማየት ያሳፍራል። እፍረቱ ግን በቤትህ ቢሆን ይሻላል።

ማታ ቅሜ ሳጠና ሁሉም ይገባኛል፤ ጠዋት ግን ይጠፋል። ለምን?

ሌላ ከተማ ቢሆን ይህን ጥያቄ በሹክሹክታ ነበር የምንነጋገረው። እኛ ግን ከአወዳይ ጉርብትና ስላለን ፊት ለፊት እናውራ።

ጫት ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ተመሳሳይ ነው፤ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ካቲኖን እየዋለ ሲያድር ደከም ወዳለው ካቲን ይለወጣል፤ አወዳይ ላይ ያ ሁሉ ሩጫ፣ እርጥብ አድርጎ መጠቅለሉ፣ የጫት መኪና እንደዚያ መክነፉ መነሻው ይኸው ነው። ስለዚህ «ያነቃል» የምትለው ውሸት አይደለም። ያነቃል።

ይሁን እንጂ ንቃትና መያዝ ለየቅል ናቸው። ምርቃና የሚሰጠው አንድ ልዩ ነገር እርግጠኝነት ነው፤ ያነበብከው ሁሉ የገባህ፣ ሁሉም ቁም ነገር የሆነ ይመስልሃል። እኔም በተማሪነቴ አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ጠዋት ደብተሬን ስገልጠው ከዳር እስከ ዳር ተሰምሮበት አገኘሁት። ሁሉም አስፈላጊ ከሆነ የቱ ነው አስፈላጊ?

ትልቁ ኪሳራ ግን እንቅልፍ ላይ ነው። እንቅልፍ ሲመጣ አንጎል ሥራ አያቆምም። ማቲው ዊልሰንና ብሩስ መክኖተን እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳዩት አይጥ ቀን የተጓዘችበትን ቦታ የሚያመለክቱ የአንጎሏ ሕዋሳት ስትተኛ እንደገና አብረው ይነቃሉ፤ መንገዱን በእንቅልፏ የምትደግመው ያህል። የሰውም አንጎል ቀን የያዘውን የሚያጸናው በአብዛኛው በእንቅልፍ ነው። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቅመህ ስታነብ ያስገባኸውን የሚያጸናልህን ሠራተኛ በር ላይ እንዳሰናበትከው ቁጠረው። ቡናም ከመኝታ በፊት ከሆነ በመጠኑ እንዲሁ ነው፤ ከጠጣኸው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ደምህ ውስጥ አለ።

ሌላም አለ። ሰው አንድን ነገር በያዘበት ሁኔታ ውስጥ ሲሆን የተሻለ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ጥናት ጠላቂ ዋናተኞች ውኃ ውስጥ ሆነው የያዟቸውን ቃላት ከደረቅ መሬት ይልቅ ውኃ ውስጥ በደንብ አስታውሰዋል። ፈተና አዳራሽ ደግሞ መርቅነህ ብትመጣ ማንም አያስገባህም።

በነገራችን ላይ የድሬ ሙቀት ከምሳ በኋላ የሚያስተኛን እንቅልፍ ስንፍና አይደለም። አጭር የቀን እንቅልፍም ለትውስታ እንደሚረዳ ታይቷል።

የጎርፉ ሌሊት እንደ ትናንት ይታየኛል፤ እህቴ ግን ሌላ ታሪክ ትናገራለች። የተሳሳተው ማን ነው?

ሁለታችሁም በየፊናችሁ ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። ይህን የምለው ያየሽውን ለማቃለል አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፤ ያን ሌሊት የረሳ የድሬ ሰው አላውቅም። ፍርሃትና ሐዘን የሚለቁት ሆርሞን አሚግዳላ በሚባለው የአንጎል ክፍል በኩል ትውስታን ያጠብቃል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም።

ነገር ግን የሚጠብቀው የነገሩ እምብርት ነው። ዝርዝሩ ይንሸራተታል፤ እርግጠኝነታችን ግን አብሮ አይንሸራተትም። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 በፈነዳች ማግስት ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወሬውን የትና ከማን እንደሰሙ በጽሑፍ አስሞሏቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከነሱ 44ቱን መልሰው ጠየቁ። ሩብ ያህሉ በሁሉም ነጥብ ተሳሳቱ፤ ሙሉ በሙሉ ትክክል የሆኑት ሦስት ብቻ ነበሩ። የገረመኝ የመጨረሻው ክፍል ነው። የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ሲታያቸው እንኳ አዲሱን ታሪክ የሙጥኝ ያሉ ነበሩ።

ይህ የሚሆነው ትውስታ እንደ ፎቶግራፍ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ስለማይቆይ ነው። በተነሳ ቁጥር እንደ ልብስ እንደገና ይሰፋል፤ ሲሰፋም ጎረቤት የተናገረው፣ ቴሌቪዥን ያሳየው፣ እናታችሁ ለቅሶ ቤት የደጋገመችው አብሮ ይገባል። የጠያቂ ቃል እንኳ ይበቃል። ኤልሳቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ለሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው፣ «ሲጋጩ» ብለው የጠየቋቸውና «ሲላተሙ» ብለው የጠየቋቸው የተለያየ ፍጥነት ገመቱ። በከባዱ ቃል የተጠየቁት ከፍተኛውን ተናገሩ፤ ከሳምንት በኋላም ያልነበረ የመስታወት ስባሪ አየን የሚሉት ከነሱ ወገን በዙ።

አንቺና እህትሽ የምትናገሩትን ለየብቻ፣ ሳትነጋገሩ በድምፅ ቅረጹት። ልዩነቱ ራሱ ልጆቻችሁ ሊሰሙት የሚገባ ነው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያደጉ ሰዎች መንገዱ እንዴት አይጠፋቸውም?

እንግዳ ሆኜ ከሸዋ በር ገብቼ ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ግንብ ጋ ተመልሻለሁ፤ ጥያቄው የኔም ነው። 48 ሄክታር ገደማ ላይ 368 ጠባብ መንገድ አለ ይባላል። እዚያ ያደገ ልጅ ግን ግንቡን አይቆጥርም። የተሸፈነው ስፌት ማሽን፣ መስጊዱ፣ የተሰነጠቀው ነጭ ግድግዳ፣ ቡና የሚቆላበት ቤት ሽታ ይመሩታል።

ቦታን የሚይዘው በዋናነት ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ነው። ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 አይጥ አንድ ቦታ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት እዚያ እንዳሉ አገኘ፤ በ2014 ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የለንደን ታክሲ ሾፌሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት ደግሞ የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው ተልቆ ተገኝቷል።

ይህን ጉልበት ለጥናትም መጠቀም ይቻላል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ተናጋሪዎች ንግግራቸውን በሚያውቁት ቤት ክፍሎች ውስጥ በሐሳባቸው እያስቀመጡ ይይዙት ነበር። የኔ ተማሪዎች ከባቡር ጣቢያው ተነስተው በከዚራ ጥላ ሥር፣ ደቻቱን ተሻግረው እስከ ቀፊራ ድረስ የታሪክ ምዕራፍ ያስቀምጣሉ። አንዷ የዐድዋን ዘመቻ ደረጃዎች በሙሉ ከሰፈሯ ዳቦ ቤት እስከ ወፍጮ ቤት ደርድራው ነበር።

ልጄ በቤት ኦሮምኛ፣ በሰፈር ሶማልኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ትናገራለች። ጭንቅላቷ አይጨናነቅም?

አይጨናነቅም። ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሰው ቃሉ «አፌ ላይ መጥቶ» የሚቀርበት ጊዜ ትንሽ በርከት ይላል፤ ቃሉ ግን አልጠፋም፣ ሰልፍ ላይ ነው። ተዋት።

ለማስታወስ የሚረዳ ምግብ ወይም መድኃኒት አለ?

በቂ ምግብ ለሚበላ ጤነኛ ሰው ትውስታን የሚጨምር ክኒን የለም። የብረት ማዕድን ወይም የአዮዲን እጥረት ያለበት ልጅ ግን ትኩረቱና ትምህርቱ በእርግጥ ይጎዳል፤ አዮዲን ያለበትን ጨው የምንገዛውም ለዚህ ጭምር ነው።

ከሁሉ የምፈራው ለማስታወስ ይረዳል እየተባለ የሚጠጣውን «አብሾ» ነው። አስተናግር የተባለው ዕፅ የገባበት ድብልቅ ከሆነ መርዝ ነው። አስተናግር ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን ተመራማሪዎች የፈቃደኞችን ትውስታ ለጊዜው ማዳከም ሲፈልጉ የሚጠቀሙበት ንጥረ ነገር ነው። ለማስታወስ ብሎ የሚያስረሳ ነገር መጠጣት!

እናቴ ያንኑ ጥያቄ በሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ትጠይቀኛለች። እርጅና ነው?

እዚህ ላይ «ልብ አላለችም» ብዬ አላልፍም። ስም ቶሎ አለመምጣቱ፣ መነጽር መጥፋቱ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። አርባ ዓመት በሄደችበት መንገድ መጥፋት፣ ቡና ጀምሮ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ግራ መጋባት፣ ያንኑ ጥያቄ ያለ እረፍት መደጋገም ግን «ጃጅታ ነው» ተብሎ የሚተው አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች ይህን ያመጣሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። የአልዛይመር በሽታ ከሆነም ቀድሞ ማወቁ ለቤተሰቡ ይጠቅማል።

ብዙ ነገር ረስታ ጸሎቷን ወይም ዱዓዋን አንድ ቃል ሳታስቀር ብትወጣ አትገረሚ። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 በ27 ዓመቱ ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሂፖካምፐሱ በሁለቱም በኩል በአብዛኛው ወጣ። ከዚያ ወዲህ እስከሞተበት 2008 ድረስ አዲስ ያገኘውን ሰው ከደቂቃዎች በኋላ አያስታውስም ነበር። ያጠናችው ተመራማሪ ብሬንዳ ሚልነር ግን በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ስታሠራው በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ፤ በየቀኑም «ይህን ሠርቼ አላውቅም» ይላት ነበር። እጅ የሚያውቀውና አፍ የሚናገረው ትውስታ መኖሪያቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ቡና መቁላቱን አትከልክያት፤ እሳቱን ግን ከአጠገቧ ሆነሽ ጠብቂ። «እኔ ማን ነኝ? እስቲ ስሜን ንገሪኝ» እያላችሁም አትፈትኗት፤ «ልጅሽ ነኝ፣ መጣሁ» ብትያት ይቀላታል።

ሐኪም ዘንድ ስትወስጃት የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከባህል መድኃኒት ጭምር፣ በፌስታል አድርገሽ ያዢ። ሐኪሙ ፊት የመድኃኒቱን ስም ለማስታወስ ሲታገሉ ያየኋቸው ታማሚዎቹ ብቻ አይደሉም።